የሆስፒታሉን ቅጥር ልጠብቅ ወይስ ሰፈር ልውረድ?

ሰላም እህቴ። መልእክትሽን ደግሜ አነበብኩት። ከ2 ዓመት በፊት በነርስነት ተመርቀሽ እስካሁን የሆስፒታል ቅጥር እየጠበቅሽ ነው። አሁን ደግሞ እዚሁ ድሬዳዋ አንድ ፕሮጀክት የሰፈር ጤና በጎ ፈቃደኞችን አሰልጥኚ፣ ከዚያም ቤት ለቤት ሲሄዱ ተከታተያቸው ብሎ የ6 ወር ኮንትራት ሰጥቶሻል። የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፦ «ሰፈር ለሰፈር ስዞር ሙያዬን ብረሳውስ?» እና «አስተምሬ አላውቅም፣ ከየት ልጀምር?»

የመጀመሪያውን ቶሎ ልጨርሰው። ግቢበት። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ገጠር ላይ ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች 1 ዓመት ሰልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው ቀበሌ ገቡ። ከተማ ላይ ሲመጣ ግን የተመለመሉት ነርሶች ነበሩ። ስለዚህ ነርስ በር ማንኳኳቷ ከሙያ መውረድ አይደለም። ደግሞ እውነቱን ላውራ፣ ቤት ተቀምጠሽ ማስታወቂያ ስትጠብቂ ነው ሙያው የሚረሳው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ግን ልቆይ፣ እኔም የተቀጣሁበት ነው።

ከዓመታት በፊት ሐረር ላይ ለ5 ቀን እንዲህ ያለ ስልጠና ሰጥቼ ነበር። አዳራሽ፣ ስላይድ፣ ሻይ ቡና፣ መጨረሻ ላይ ፈተና። ሁሉም አለፉ፣ እኔም ጎበዝ አሰልጣኝ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአንዷ ሰልጣኝ ጋር ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ቤት ለቤት ወጣን። በሩ ላይ ቆማ «እንዴት ናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?» አለች። እናትየዋ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው» አለች። ሰልጣኟ መዝገቧ ላይ ምልክት አድርጋ ዞረች። ሻይ ካልጠጣችሁ ተብለን ስንገባ አንድ ሕፃን ምንጣፍ ላይ ተኝቷል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠው ነበር። እናትየዋ አልዋሸችም። እኛ አገር «ደህና ናችሁ?» ሰላምታ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም፣ መልሱም ሁሌ «ደህና» ነው። ይህን ስላይዴ ላይ አልጻፍኩትም ነበር።

ስለዚህ ከመጠየቅ ጀምሪ። «ታሟል?» አይባልም። «ትናንት ማታ ምን በላ? ዛሬ ስንቴ አስቀመጠው? ሌሊት ማን ሲያስል ነበር?» ነው። ሰልጣኞቹን ሁለት ሁለት አድርጊያቸው፣ አንዷ የቸኮለች እናት ትሁን፣ አንዷ ታንኳኳ፣ ሌሎቹ እየሳቁ ያርሙ። እንዲህ የተማሩት አይጠፋባቸውም።

ከዚያ እጃቸው ይሥራ። ኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ዱቄት፣ አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ውሃ ነው የሚበጠበጠው፣ ይህን ሁሉም ይነግሩሻል፤ ቤት ውስጥ ግን 1 ሊትር የቱ ነው? ባለ 1 ሊትሩን ሃይላንድ ከባለ 2 ሊትሩ ይለዩት፣ እዚያው በጥብጠው ይቅመሱት። በሙአክ፣ ባለ ቀለሙ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣ ደግሞ የእውነተኛ ልጅ ክንድ ይለኩ፣ ሥዕል ላይ አይደለም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ምክር አያስፈልገውም፣ ጤና ጣቢያ ነው። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው፣ አልነቃ ያለ ልጅም እንደዚያው፤ በባጃጅም ይሁን በሸክም ወዲያው ይሂድ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ለቲቢ የአክታ ምርመራ ይላካል። በጎ ፈቃደኛ ሐኪም አይደለችም፣ ማወቅ ያለባት መቼ መላክ እንዳለባት ነው።

የድሬን ነገር ደግሞ ከሌላ አገር በመጣ ማኑዋል ብቻ አትወጪውም። ወባ ሲባል ሁሉም ረግረግ ነው የሚያስበው። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ሲፈላ ግን ጣት የተቀሰረው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ላይ ነበር፣ ይህ ትንኝ የሚራባው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። በ2011 ክረምት ያን ሁሉ ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ያስተኛው የቺኩንጉንያ ትንኝም ከተጠራቀመ ውሃ አይርቅም። ታዲያ ውሃ በስንት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር «በርሜሉን ድፉት» ብትል ልጅቷን ያባርሯታል፣ ልክም ናቸው። አፉን በጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ውሃው ሲያልቅ ሳትሞሉት ውስጡን ፈግፍጉ፣ ይህ ይሠራል። አንድ ቀን ባትሪ ይዛችሁ በርሜል ውስጥ የትንኙን እጭ አብራችሁ እዩት።

ሰዓትም አለ። በቀትር ፀሐይ ማንም በር አይከፍትም፣ ከሰዓት በኋላ ብዙ ቤት ጫት ይዞ በርጫ ላይ ነው። ጠዋት በጊዜ ወይም ሲበርድ። ቋንቋም እንዲሁ፦ ገንደ ቆሬ ሰፈር ላይ በአማርኛ ብቻ የምትሄድ ልጅ ግማሹን ቤት ሳታናግር ትመለሳለች። አንቱታ ባይሆንም ግዴለም፣ ድሬ ላይ በዚህ የሚቀየም የለም አቦ።

አሁን ዋናው። ዝርዝሩን ከቀበሌ መዝገብ ብቻ ከወሰድሽ በጣም የሚፈልጉሽ ሰዎች እዚያ ላይ የሉም። መታወቂያ የሌላት ተከራይ፣ ግቢ ውስጥ ተዘግቶባት የምትሠራ የቤት ሠራተኛ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚያድሩ ልጆች፣ ወደ ጅቡቲ ለመሻገር ገብተው ሁለት ሌሊት የሚያድሩ ወጣቶች። እነዚህን ማን ያውቃል? የአፎሻ ማኅበርና የእድር ሴቶች፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ባለባጃጁ። ሰልጣኞችሽ በመጀመሪያው ሳምንት ሰፈራቸውን ወረቀት ላይ ይሳሉና መዝገብ ላይ የሌሉትን በሮች ምልክት ያድርጉባቸው።

ምስጢር ላይ ደግሞ አትለሳለሺ። በጎ ፈቃደኛዋ ጎረቤት ናት፣ የአንዷን የኤችአይቪ መድኃኒት ያየች ቀን ቡና ላይ ካወራችው ያ ሰፈር ለዘላለም ተዘጋባችሁ። አንዴ የተዘጋ በር ሲከፈት አላየሁም።

ከመፈረምሽ በፊት ስለ ብሩ ጠይቂ፣ አትፈሪ። የአንቺን ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የሰልጣኞቹን አበልና ትራንስፖርት ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚከፍል። የእነሱ አበል ሲዘገይ ስልኩ የሚደወለው ላንቺ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይም «ፕሮጀክት ሠራተኛ» ተብሎ እንዳይቀር፤ ነርስ መሆንሽ፣ ማሰልጠንሽ፣ ክትትል ማድረግሽና ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው እንደሠራሽ ይጻፍ። ይህን አሁን ውሉ ላይ አስገቢው፣ ፕሮጀክት ሲዘጋ የሚፈርምልሽ ሰው ፈልገሽ አታገኚም።

የሆስፒታል ማስታወቂያ በመሃል ከወጣ ደግሞ ተወዳደሪ፣ ማን ከለከለሽ። ውሉ ላይ ስንት ቀን ቀድመሽ ማሳወቅ እንዳለብሽ ብቻ እዪ።