«ትርፍ ሰዓት» የሚሠራ ፕሮሰሰር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ቤቴ ውስጥ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገጥሜያለሁ። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ኮር አይ5 12600ኬ ነው፤ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ዜድ690። አሁን ደህንነቱ በተጠበቀ መልኩ ኦቨርክሎክ ማድረግን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራትን፣ እየተለማመድኩ ነው። የተማርኩትን ለጓደኞቼ በአማርኛ ልጽፍላቸው ፈልጌ ገና ርዕሱ ላይ ቆምኩ። አንዱ ጓደኛዬ «ትርፍ ሰዓት ማሠራት በለው» አለኝ። ሌላው «ሰዓት ማስፈጠን» አለ። እርስዎ ምን ይላሉ? መጀመሪያ ስሞክረው ፕሮሰሰሩ ፈላና ኮምፒውተሩ ተበላሸ፤ አሁን ግን ደህና ነው። (አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ትርፍ ሰዓት» ያለውን ጓደኛህን ሰላም በልልኝ። ከልቤ ነው የሳቅኩት። ግን አይሆንም። ትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሰው ሥራ ቦታ ይቆያል እንጂ እጁ አይፈጥንም። እንዲያውም ስለሚደክመው ይዘገያል። ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰር ግን የሥራ ሰዓቱ አይጨምርም። በዚያችው ሰከንድ ውስጥ ብዙ ይሠራል።

ሁለተኛው ጓደኛህ ቀረብ ብሏል። እሱን ያሰናከለችው «ሰዓት» የምትለዋ ቃል ናት። በአማርኛ ሰዓት ወይ ጊዜን የሚነግረን ዕቃ ነው፣ ወይ ራሱ ጊዜው። የፕሮሰሰሩ ክሎክ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። ሥራው ትር ትር እያለ ሁሉን በአንድ ላይ ማስኬድ ነው። ይባስ ብሎ ማዘርቦርድህ ላይ እውነተኛ ሰዓትም አለ። ሲአር2032 በሚባለው ክብ ባትሪ የሚሠራው፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ ቀኑን የማይረሳው ማለቴ ነው። የእሱ ትርታ በሰከንድ 32,768 ነው። የፕሮሰሰሩ መነሻ ደግሞ በሰከንድ 100 ሚሊዮን። «ሰዓቱን አፈጠንኩት» ብለህ ብትጽፍ የቱን ማለትህ ነው? ፕሮሰሰሩን የፈለግከውን ያህል ብታፈጥነው ጥምቀት አንድ ቀን ቀድሞ አይመጣልህም።

እኔ የምመርጠው «ምት»ን ነው። የልብ ምት እንላለን። የከበሮ ምት እንላለን። የግጥምም ምት አለ። ቃሉ «መታ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ እኩል እኩል እየተደጋገመ ለሚመጣ ነገር ሁሉ ይመቻል። በዚህ ቃል አስረዳቸውና እይ። መነሻው በሰከንድ 100 ሚሊዮን ምት ነው። ይህ በ37 ሲባዛ 3.7 ቢሊዮን ምት ይሆናል፤ 3.7 ጊጋኸርዝ የሚባለው እሱ ነው። ያንተ 12600ኬ ሥራ ሲመጣበት ማባዣውን ራሱ ከፍ እያደረገ እስከ 49 ሊያደርሰው ይችላል። አንተ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብተህ የምትነካው ይህንኑ ማባዣ ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኬ» ማባዣው እንዳልተቆለፈ ትነግርሃለች። «ኬ» የሌለው ፕሮሰሰር ገዝተህ ቢሆን፣ ወይም ቢ660 ማዘርቦርድ ላይ ሰክተኸው ቢሆን፣ ጭንቀትህ የርዕስ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ድሮ ጨዋታው ሌላ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴለሮን 300ኤ የተባለ ፕሮሰሰር ማባዣው 4.5 ላይ የተቆለፈ ነበር። ሰዎች ታዲያ ማባዣውን ትተው መነሻውን ምት ከ66 ወደ 100 ሚሊዮን አሳደጉት። 300 የነበረው 450 ሜጋኸርዝ ሆነ። ርካሹ ዕቃ ከውድ ወንድሞቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ። የዚህ ልማድ ፍቅር ብዙ ሰው ላይ የተጋባው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ግሡ። «ማስፈጠን» ሳይሆን «ማፍጠን» በል። አማርኛ በራሱ የሚሆን ነገርን አብዛኛውን ጊዜ በ«አ» ያስደርጋል፦ ሞቀ፣ አሞቀ፤ ቀዘቀዘ፣ አቀዘቀዘ፤ ፈጠነ፣ አፈጠነ። ፈቃድ ያለው አድራጊ ሲኖር ነው «አስ» የሚመጣው፦ ጨፈረ፣ አስጨፈረ፤ ዘፈነ፣ አስዘፈነ። ፕሮሰሰር ፈቃድ የለውም። (ኮምፒውተሩ እምቢ ሲለኝ እኔም አንዳንዴ እጠራጠራለሁ።) ስለዚህ «ምት ማፍጠን» ቢባል ደስ ይለኛል።

ይህን ስል «ኦቨርክሎክ አደረግኩ»ን ጣለው ማለቴ አይደለም። «አደረገ» እንግዳ ቃል ሁሉ የሚያርፍበት ወንበር ነው፦ ሴቭ አደረገ፣ ፎርማት አደረገ፣ ዳውንሎድ አደረገ። ጋራዥ ውስጥ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ ከጣሊያንኛ ገብተው ማንም አላስወጣቸውም። ርዕሱ ላይ ሰው የሚያውቀውን «ኦቨርክሎክ» ጻፍ፤ ሐተታው ውስጥ በ«ምት» አስረዳ። እኔን ይበልጥ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው።

«ደህንነቱ በተጠበቀ መልኩ»። ይህን ሐረግ ማን እንደለቀቀብን እንጃ። አሁን ሽንኩርት መክተፍ ሳይቀር ደህንነቱ በተጠበቀ መልኩ ሆኗል። የማን ደህንነት? ከምን ነው የሚጠበቀው? አማርኛ ለዚህ አንዲት አጭር መሣሪያ አላት፦ «ሳ»። ሳያቃጥሉ፣ ሳይጎዱ፣ ሳያበላሹ። ከ«ሳ» ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ ምን መፍራት እንዳለብህ ይነግርሃል። «ሳያቃጥሉ ምት ማፍጠን» ካልክ የሚፈራው ሙቀት መሆኑን አንባቢህ ከርዕሱ ያውቃል።

በእርግጥም ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። ጀማሪ ማባዣውን በአንድ ቁጥር ብቻ ይጨምር፣ ከዚያ ሲኔቤንች ወይም ፕራይም95 የሚባሉትን የመፈተኛ ፕሮግራሞች ከፍቶ ያስጨንቀው፣ ሙቀቱን ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ይከታተል። ያንተ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማትረፍ ይዘገያል። እኔ ብሆን በፈተና ላይ ከ85 ሲያልፍ ወደኋላ እመለስ ነበር። ቮልቴጅ ላይ ደግሞ እጅህን ሰብስብ። ሙቀት የሚጨምረው በቮልቴጁ ሳይሆን በቮልቴጁ ስኩዌር (ራሱ በራሱ ሲባዛ) ነው። ከ1.2 ወደ 1.3 ቮልት ብትወስደው፣ ምቱ ሳይነካ እንኳ የሚበላው ኃይል በ17 በመቶ ገደማ ያድጋል። አንድ ነገር ደግሞ የውጭ ቪዲዮ አይነግርህም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ፋንህም የሚገፋው በዚያው ልክ ያነሰ አየር ነው። እነሱ 80 ዲግሪ ያዩበት እዚህ ከፍ ይላል። ቪዲዮው ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አትገልብጥ።

ስለ ግሥ ካነሳን «ገጥሜያለሁ» ያልከውንም ላርመው። አንድ ራም (የማስታወሻ ካርድ) ቦታው ላይ ከሰካህ ገጠምክ። ኬዝ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርድ፣ ፋን ሁሉንም አንድ በአንድ ካገናኘህ ግን «ገጣጠምክ»። ያቺ የተደገመች «ጣ» የብዙ ቀን ልፋትህን ይዛለች።

አሁን «ፈላና ተበላሸ» ያልከው ጋ ደረስን። ውሃ ይፈላል፣ ቡና ይፈላል። ምጣድና ብረት ግን ይግላል። ፕሮሰሰርህ ግሏል እንጂ አልፈላም። (ውሃ ማቀዝቀዣ ከሌለህ ማለቴ ነው። ካለህና እውነትም ከፈላ፣ ደብዳቤውን ትተህ ሶኬቱን ንቀል።) «ተበላሸ» ደግሞ ለብቻዋ ምንም አትነግረኝም። የተበላሸ ነገር «አሁን ደህና ነው» አይባልም፤ ካልተጠገነ በቀር።

ለዚህ አማርኛ ሀብታም ነው። ስክሪኑ እንዳለ ሆኖ ማውሱ አልንቀሳቀስ ካለ «ድርቅ አለ» በል። ብዙ ጊዜ ምቱ ቮልቴጁ ከሚችለው በላይ ሆኗል፤ ማባዣውን መልስ። ፋኑ ሳይቀር በአንድ ጊዜ ከቆመ «ጥፍት አለ» ነው። ያኔ ፓወር ሰፕላዩን ወይም የሙቀት መከላከያውን ጠርጥር። አፍጥነኸው ከበፊቱ የባሰ ከዘገየ «ተንቀራፈፈ»። ግሎ ራሱን እየያዘ ነው ማለት ነው። ጨርሶ አልነሳ ካለ «እምቢ አለ»። ለዚህኛው መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከግድግዳው ነቅለህ ያቺን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጣትና መልሳት፤ የነካካኸው ሁሉ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ያኔ የእውነተኛው ሰዓት ቀንም አብሮ ይጠፋልና ማስተካከልህን አትርሳ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ያጋጠመኝ «ድርቅ» ነበር። ሁለት ቀን እንከን የለሽ ሆኖ ሠራ። በሦስተኛው ሌሊት የመመረቂያ ጽሑፌን ስድስት ገጽ ይዞ ድርቅ አለ። ሴቭ አላደረግኩም ነበር። ሙቀቱ ደህና ነበር፤ ፈተናውን ግን ያስኬድኩት አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። አንተ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት አስጨንቀው፣ ከባድ ጽሑፍም ከዚያ በፊት አትክፈትበት።

ስለዚህ ርዕስህ «ኦቨርክሎክ፦ ፕሮሰሰር ሳያቃጥሉ ምት ማፍጠን» ቢሆን እኔ አነበዋለሁ። ለጓደኞችህ ከመላክህ በፊት ግን አንድ መልስ ላክልኝ። ያን ቀን ኮምፒውተርህ ድርቅ ነው ያለው፣ ጥፍት ነው ያለው ወይስ ተንቀራፈፈ?