በቢጫው ወፍ ውስጥ ማን ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ሰሰሚ ስትሪት የተባለውን የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም ማየት የጀመርኩት ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ እንግሊዝኛ እንዲለምዱበት ብዬ ነበር። ልጆቹ አድገው ትተውታል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተውኩትም፤ በቤታችንም መሳቂያ ሆኛለሁ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ቢግ በርድ የሚባለውን ረጅሙን ቢጫ ወፍ ነው። በውስጡ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ያ ሰው ማን ነው? ተሸፍኖ ሳለ እንዴት አይቶ ይራመዳል? ሰውየው ሲሞትስ ወፉ ምን ይሆናል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የሚስቁብዎትን ይተዉአቸው፤ የዚህ ዓምድ አዘጋጅም በዚሁ ፍቅር የተያዘ ነው። ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ1969 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ቢግ በርድን ሲጫወት የኖረው ካሮል ስፒኒ የተባለ አሜሪካዊ ነው።

ወፉ ቁመቱ 2 ሜትር ከ49 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ስፒኒ በልብሱ ውስጥ ቆሞ ቀኝ ክንዱን ከራሱ በላይ ቀጥ አድርጎ ይዘረጋ ነበር፤ የወፉ አንገት ይኸው ክንድ ሲሆን፣ መዳፉ ምንቃሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ትንሿ ጣቱ ደግሞ የዐይን ሽፋኖቹን ታንቀሳቅሳለች። ግራ እጁ በግራው ክንፍ ውስጥ ነው። ለቀኙ ክንፍ የሚተርፍ እጅ ስለሌለ፣ በአንገቱ ሥር በሚያልፍ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ከግራው ክንፍ ጋር ተያይዟል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከፍ ይላል። ክንድን ወደ ላይ ዘርግቶ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል፤ ስፒኒ ግን እንደዚያ ሆኖ ይዘፍን፣ ይጨፍር፣ በበረዶ መንሸራተቻ ጫማም ይሄድ ነበር።

ስለ ማየቱ የጠየቁት ጥያቄ ከሁሉም የሚያስደንቀውን ነገር የነካ ነው። በስቱዲዮ ሲቀረጽ ውጭውን የሚያይበት ቀዳዳ የለውም፤ የሚያየው በደረቱ ላይ በታሰረ ትንሽ የቴሌቪዥን ሞኒተር ካሜራው የሚይዘውን ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ ስፒኒ ራሱን የሚመለከተው በእርስዎ ቦታ ሆኖ ነው ማለት ይቻላል፤ እርስዎ ሳሎንዎ ተቀምጠው የሚያዩትን ምስል እሱ በላባው ውስጥ ሆኖ አስቀድሞ አይቶታል። የመድረክ ተዋናይ ይህ ዕድል የለውም፤ የቴሌቪዥን አሻንጉሊት ተጫዋቾችን ጥበብ የተለየ የሚያደርገውም በእኔ አስተያየት ይኸው ነው። የሚናገረውን ጽሑፍም በልብሱ ውስጥ ለጥፎ ያነብበው ነበር።

በቆሻሻ በርሜል ውስጥ የሚኖረውን ነጭናጫውን ኦስካርን የሚጫወተውም ይኸው ሰው ነበር። የኦስካርን ድምፅ ያገኘው ከአንድ የኒው ዮርክ የታክሲ ሹፌር አነጋገር መሆኑን ራሱ ተናግሯል። የዋሁ ወፍና ያ ተቆጪ ፍጡር ከአንድ ጉሮሮ እንደሚወጡ የሚያውቅ ተመልካች ጥቂት ነው።

ከሥራዎቹ አንዱን ብቻ ይዩ ብባል፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. የተላለፈውን ክፍል እመርጣለሁ። የሰፈሩን ባለሱቅ ሚስተር ሁፐርን ይጫወት የነበረው ዊል ሊ በ1982 መጨረሻ ሲያርፍ፣ አዘጋጆቹ በሌላ ተዋናይ መተካትን ወይም ርቆ ሄደ ብሎ ማለፍን ትተው ለልጆቹ እውነቱን ለመንገር ወሰኑ። በዚያ ክፍል ቢግ በርድ የሥዕል ስጦታ ለወዳጆቹ ሲያድል የባለሱቁ ሥዕል በእጁ ይቀራል፤ ትልልቆቹም የሞተ ሰው እንደማይመለስ ሊያስረዱት ይሞክራሉ። ሥዕሎቹን የሣለው ስፒኒ ራሱ ነው። ላባና ስፖንጅ ሐዘን ሲሰማው አይቶ እንባ ያልመጣበት ሰው ቢኖር ልተዋወቀው እወድ ነበር።

ወፉ ምን ይሆናል ላሉት፦ ስፒኒ ሚዛኑን ለመጠበቅ ስለተቸገረ ከ2015 ጀምሮ ድምፁን ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በ2018 ሥራውን ተወ፤ ዲሴምበር 8 ቀን 2019 በ85 ዓመቱ ዐረፈ። ለረጅም ዓመታት ምትኩ ሆኖ የሠራው ማት ቮገል ወፉን ተረክቧል። አረንጓዴው እንቁራሪት ከርሚትም ፈጣሪው ጂም ሄንሰን በ1990 በ53 ዓመቱ በድንገት ሲሞት ወደ ስቲቭ ዊትማየር እጅ አልፎ ነበር። ድምፁ በጥቂቱ ሲለወጥ ቅር የሚለኝ መሆኑን አልደብቅም፤ ቢሆንም ተተኪው እየሠራ የመጀመሪያው ሰው ስም እስካልተረሳ ድረስ ርክክቡን እደግፋለሁ። በፕሮግራሞች መጨረሻ የአሻንጉሊት ተጫዋቾቹ ስም ሊነበብ በማይችል ፍጥነት ማለፉ ግን ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ የአጸደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ያደግኩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም እያየሁ ነው፤ አሁንም ለክፍሌ ልጆች ከካልሲ አሻንጉሊት ሠርቼ በስልኬ እቀርጻለሁ። የእኔዋ አሻንጉሊት ግን ቃላቱን የምትናከስ ትመስላለች። ምን ላድርግ?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ቀጭኔዋ ፀሐይም የመጣችው እርስዎ ካሉበት መንገድ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበረች፤ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ፕሮግራሙን ያዘጋጀውን ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለ ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. አቋቋመች፤ የፀሐይ ድምፅም የራሷ ነው። በ2010 የሮሌክስ ሽልማት ከተሰጣቸው ወጣቶች አንዷ ነበረች።

ወደ ችግርዎ ስንመጣ፣ መናከስ የሚመስለው አፉ ቃሉ ሲወጣ ስለሚዘጋ ነው። እጃችን በተፈጥሮው መጨበጥ ስለሚቀናው ጀማሪ ሁሉ ይህን ያደርጋል። አፉ ድምፁ ሲወጣ ይከፈት፣ በመካከሉ ይዘጋ። ሲከፍቱም አራቱን ጣቶች ወደ ላይ አያንሡ፤ አውራ ጣትዎን ወደ ታች ያውርዱ፤ አለበለዚያ አሻንጉሊቷ በየቃሉ ወደ ጣራ ታያለች። በአማርኛ ደግሞ የፊደሉን ብዛት አይከተሉ። «ተማሪ» ሲሉ አፏ ሦስት ጊዜ ይከፈታል፤ «ትምህርት» ግን በአምስት ፊደል ቢጻፍም ሲነገር ሁለት መክፈቻ ይበቃዋል። አረፍተ ነገሩ ሲረዝምና ሲፈጥን ዋና ዋናዎቹን ብቻ ይክፈቱ።

ዐይኗ የት እንደሚያይ ከአፏ ይልቅ ሕይወት ይሰጣታል። ስልክዎን ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ከቻሉ፣ ከካሜራው ሥር ዝቅ ብለው ተቀምጠው እሷን ሳይሆን ምስሏን እያዩ ይጫወቱ። ሄንሰን በ1955 በዋሽንግተን ቴሌቪዥን አጫጭር ትርኢቶች ማቅረብ ሲጀምር የአሻንጉሊት መድረኩን ሣጥን ትቶ የቴሌቪዥኑን ፍሬም ራሱን መድረክ ያደረገው በዚህ ዘዴ ነው፤ የመጀመሪያው ከርሚትም ከእናቱ አሮጌ ካፖርትና ለሁለት ከተከፈለ የፒንግ ፖንግ ኳስ የተሠራ ስለነበር ካልሲዎ አያሳፍርዎት። የስልኩ የፊት ካሜራ ምስሉን እንደ መስታወት ስለሚገለብጠው በኋላኛው ካሜራ ይለማመዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ቀኝ ልውሰዳት ሲሉ ወደ ግራ ትሄድብዎታለች፤ እጅዎ እስኪለምደው ድረስ ሳይናገሩ እንድትራመድና ዞር ብላ እንድታይ ብቻ ያድርጓት።