ሰው ሳያድርበት የሚከፈል ኪራይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ ስለ ገንዘብና ስለ ቤት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሳላይሽ ነው። ጅዳ ለብዙ ዓመታት ሰው ቤት ሠርቼ ተመልሻለሁ። ታናሽ እህቴ አሁንም ዱባይ ናት። ሁለታችን ያጠራቀምነው 40 ሺህ ዶላር ያህል እዚያው በእሷ ስም ባንክ ተቀምጧል። አንድ ደላላ ታንዛኒያ ውስጥ ባለችው ዛንዚባር ደሴት ላይ፣ ባሕሩ ዳርቻ ሊሠራ የታሰበ ስቱዲዮ፣ ማለትም ባለ አንድ ክፍል መኖሪያ፣ በስልክ አሳየን። ዋጋው 80 ሺህ ዶላር ነው። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ግንባታው ሲያልቅ ይከፈላል። እነሱ ራሳቸው ለቱሪስት እያከራዩ በዓመት 10 በመቶ፣ ለሦስት ዓመት በዋስትና እንከፍላለን ይላሉ። የጎደለውን ለመሙላት እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችኝን ትንሽ ቤት ልሸጥ አስቤያለሁ። እናታችን ግን «ሰው ሳያድርበት የሚከፈል ኪራይ ምን ዓይነት ኪራይ ነው?» እያለች መቀመጫ ነሳችኝ። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ፤ ዋጋው በወሩ መጨረሻ ይጨምራል ተብለናል።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ባንክ ቤት ብድር ክፍል በሠራሁበት ዘመን፣ ኮት ለብሰው ፋይል ታቅፈው ከሚመጡት ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ አልጠየቁም። ስለዚህ ከእሳቸው ልጀምር።

የ80 ሺህ ዶላር 10 በመቶ 8 ሺህ ነው። በሦስት ዓመት 24 ሺህ ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? እንግዳ ካደረ ከእንግዳው። ካላደረስ? ሻጩ መቼም ከኪሱ አያወጣም። ቀድሞውኑ ዋጋው ላይ ጭኖት ሊሆን ይችላል። 60 ሺህ የሚያወጣውን 80 ሺህ ብሎ ይሸጥልሽና፣ ትርፉን በየዓመቱ እየቆረሰ ኪራይ ነው ብሎ ይመልስልሻል። አንቺም ደስ ብሎሽ ለዘመድ ለጎረቤት ታወሪያለሽ፤ ደላላውም አንቺን እያሳየ ሌላ ሰው ያመጣል። በአራተኛው ዓመት ዋስትናው ሲያልቅ እውነተኛው ኪራይ ይወጣል። ሁሉም ሻጭ እንዲህ ያደርጋል አልልም። ግን ማጣራቱ ከባድ አይደለም። እዚያው ሰፈር ግንባታው ያለቀ፣ ባለቤቱ ሊለቅ የፈለገ፣ ምንም የኪራይ ቃል የሌለበት ተመሳሳይ ስቱዲዮ ስንት ይሸጣል? ልዩነቱን አይታችሁ ፍረዱ።

ደግሞስ ዋሱ ማነው? የባንክ ዋስትና ካለ ወረቀቱን ያሳዩሽ። ያለው የሻጩ የራሱ ቃል ብቻ ከሆነ፣ ተበዳሪው ለራሱ ዋስ ሆነ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ፋይል ይዤ ኃላፊዬ ዘንድ ብገባ ኖሮ በሳቅ ያስወጣኝ ነበር። ሐላል ነው ሐራም የሚለውን ለሼሁ ተዪው፤ እኔ የማውቀው ግን እንግዳ መጣም ቀረም የሚከፈል ገንዘብ ኪራይ አለመሆኑን ነው። እናትሽ ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ቧንቧ ውሃው ቤት። አትሽጪው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ቤቱን ስትሸጪ እጅሽ የሚገባው ብር ነው። ያንን ብር ዶላር አድርጎ ውጭ አገር ቤት ለመግዛት መላክ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል። አንድ ቅርንጫፍ ገብተሽ «ለዛንዚባር ቤት ዶላር ስጡኝ» ብትይ የሚያስተናግድሽ የለም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰናል መባሉ፣ ባንክ ለሁሉም ነገር ዶላር ይሸጣል ማለት አይደለም። ይህን ለደላላው ብትነግሪው «ችግር የለም፣ በሌላ መንገድ ይደርሳል» ይልሻል። ሌላው መንገድ ጥቁር ገበያ ነው። ሕገ ወጥ ነው። ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀር ደግሞ ፍርድ ቤት ይዘሽ የምትቀርቢው አንድ ወረቀት አይኖርሽም።

ሁለተኛው ክፍያ ሌላ ጣጣ አለው። ግንባታው ሲያልቅ 40 ሺህ ዶላር ይፈለግብሻል፤ በብር አይደለም፣ በዶላር። በዚያው ሐምሌ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን አስታውሺ። ዕዳሽ በዶላር፣ ገቢሽ በብር ሲሆን አንገትሽን የሚያንቀው እንዲህ ያለው ወር ነው። ግዢ ከተባለ እንግዲህ በእህትሽ ገንዘብና በእህትሽ ስም፣ ዱባይ ባለው ሒሳብ ልክ ብቻ ነው መታሰብ ያለበት። አንቺ ከዚህ የምትጨምሪው ምክር ነው።

ደሴቲቱን እኔም አይቻታለሁ። የወንድሜ ልጅ እዚያ ሆቴል ውስጥ ይሠራል፤ ጠርቶኝ ሄድኩ። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። አዛኑ፣ ፒላው የሚሉት ሩዛቸው ላይ የሚገባው ቅመም፣ የሽማግሌዎቹ ሰላምታ ሁሉ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ከቦሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበራል። ቱሪስቱም ውሸት አይደለም፤ በፈረንጆቹ 2024 ከ700 ሺህ በላይ ጎብኚ ገብቷል። ደላላው ይህን ሲነግርሽ እውነቱን ነው። ያልነገረሽ ሌላ ነው።

እኔ የሄድኩት ሚያዝያ ላይ ነበር። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የእነሱ ትልቁ የዝናብ ወቅት ነው። ብዙ የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች በራቸውን ዘግተው እድሳት ላይ ነበሩ። የወንድሜ ልጅም ግማሽ ደመወዝ እየተከፈለው ቀለም ይቀባ ነበር። በኅዳር አካባቢ ደግሞ አጭሩ ዝናብ አለ። ስለዚህ 365 ሌሊት ብለሽ አታባዢ።

ሌላው የባሕሩ ነገር ነው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት ቦታዎች፣ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሲሸሽ ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ነው። በዚያ ሰዓት ሴቶቹ እርጥቡ አሸዋ ላይ የባሕር አረማቸውን ይሰበስባሉ፤ ለዓይን ደስ ይላል። ሊዋኝ የመጣው ፈረንጅ ግን ፎቶው ላይ ያየውን ሰማያዊ ውሃ ፍለጋ በእግሩ መሄድ ይጀምራል። በሰሜን በኩል፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ይህ ነገር ያን ያህል አይታይም፤ እዚያ ግን ዋጋው ይወደዳል። የእናንተ ስቱዲዮ የትኛው ዳርቻ ላይ ነው? ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም። ደላላውም አልነገረሽ ይሆናል።

መሬቱን በተመለከተ፣ የምትገዙት መሬት ሳይሆን ዓመታት ነው። በፈረንጆቹ 1964 ከተካሄደው አብዮት በኋላ የዛንዚባር መሬት የመንግሥት ሆኗል። የውጭ ዜጋ በሊዝ ይይዛል እንጂ የመሬት ባለቤት አይሆንም፤ ረጅሙ ሊዝ 99 ዓመት ነው። ይህ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ሊዝ ምን እንደሆነ ደሴ ማዘጋጃ ቤት ወረፋ የያዘ ሁሉ ያውቃል። የመሬት ጉዳይ ደግሞ የዛንዚባር መንግሥት የራሱ ሥልጣን ስለሆነ፣ ሕጉ ከታንዛኒያ ዋናው ምድር ይለያል። ዳሬሰላም ያለ ጠበቃ ብቻውን አይበቃም። ከሊዙ ስንት ዓመት ቀረ? ሊዙ በማን ስም ነው? ፕሮጀክቱ በደሴቲቱ የኢንቨስትመንት ባለሥልጣን ተመዝግቧል? ይህን የሚያጣራው እናንተ የቀጠራችሁት ጠበቃ ይሁን፤ ሻጩ «የእኛው ጠበቃ ይጨርስላችኋል» ያላችሁ አይሁን።

ወጪውን አብረን እንደምረው። ስቱዲዮው በሌሊት 60 ዶላር ይከራያል እንበል፤ ከዓመቱ ሌሊቶች ግማሹ ይያዛል እንበል። 10,950 ዶላር መጣ። እንግዳ የሚያመጣው የኢንተርኔት ድርጅት 15 በመቶ ቢወስድ፣ ቁልፍ የሚሰጠውና አንሶላ የሚያስቀይረው አስተዳዳሪ 25 በመቶ ቢወስድ፣ ወደ 6,570 ይወርዳል። የሕንፃው የጋራ አገልግሎት፣ መብራት፣ ውሃና ኢንተርኔት አንድ ላይ 2,400 ቢሆን፣ ለጥገና 1,000 ብታስቀምጡ፣ የሚተርፈው 3,170 ነው። ከ80 ሺህ ላይ 4 በመቶ መሆኑ ነው፤ ያውም ግብር ሳይነሳ። 8 ሺህ ከተባለው ጋር አስተያዪው። ቁጥሮቹን እንደ ቦታው ለዋውጪና ራስሽ ደግመሽ ሥሪው፤ የመቀነሱን መሥመር ብቻ አታጥፊ።

ጥገናውን በተለይ አትናቂ። የባሕር ነፋስ ጨው ይዞ ነው የሚመጣው። ማጠፊያውን፣ ቁልፉን፣ የማቀዝቀዣውን ውጭ ያለ ክፍል ይበላዋል። መብራታቸው ከዋናው ምድር በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው የሚመጣው። በፈረንጆቹ 2008 ገመዱ ተበላሽቶ ለአንድ ወር ያህል ጨለማ ሆነው ነበር። በ2009 መጨረሻ ደግሞ ተቋርጦ ሦስት ወር ቆየ። ከዚያ በኋላ ሌላ ገመድ ተዘርግቷል። ቢሆንም ሕንፃው ጄነሬተር ይኖረው እንደሆነና ነዳጁን ማን እንደሚከፍል ጠይቂ። እኩለ ሌሊት ላይ ማቀዝቀዣው ቆሞ የተናደደ እንግዳ ሲደውል ስልኩን የሚያነሳው ማነው? ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህትሽ ናት? የእንግዳ ቤት ማለት ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው ከሠራላችሁ ገንዘቡንም እሱ ይካፈላል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ገና በወረቀት ላይ ላለ ቤት 40 ሺሁን አትክፈሉ። አዲስ አበባ ላይ ቅድመ ክፍያ ሰጥተው ስንት ዓመት የጠበቁ ሰዎችን እናውቃለን፤ እነሱ ቢያንስ በአውቶቡስ ሄደው በሩ ላይ መቆም ይችላሉ። እህትሽ ልቧ ከዛንዚባር ካልወጣ፣ ዕረፍት ስትወጣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ትሂድ። ያን ሰፈር ተከራይታ ትደር። ዘበኛውንና ጽዳት ሠራተኛዋን ስንት ክፍል እንደተያዘ ትጠይቅ፤ ከደላላው የተሻለ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላም ከወደደችው፣ አነስ ያለ፣ ያለቀና ሰው ሲያድርበት የቆየ ቤት ትፈልግ፤ የኪራይ መዝገቡንም ትይ። በወሩ መጨረሻ ዋጋው ይጨምራል ላሉሽ ደግሞ፣ ይጨምር በያቸው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። አሜሪካ ያለው አጎቴ ሞሪሸስ ቤት ቢገዛ ለቤተሰቡ መኖሪያ ፈቃድ ይሰጡታል የሚባለው እውነት ነው ወይ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ዋጋውን ግን ስማ። መንግሥት ለውጭ ዜጎች በፈቀዳቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ ቢያንስ 375 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት መግዛት አለበት። ፈቃዱም ቤቱን በያዘበት ጊዜ የሚጸና ነው፤ ከሸጠው አብሮ ይሄዳል። ዓላማው ኪራይ ከሆነ ለዚህ ብሎ ያን ያህል አያውጣ። ጡረታውን እዚያ ሊያሳልፍ ካሰበ ሌላ ነገር ነው፤ አገሩ የተረጋጋ፣ ባንኩም የሚሠራ ነው። አንተንም ይጋብዝህ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ላሊበላ አራት ክፍል የእንግዳ ቤት አለኝ። ኮቪድ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ ባዶ አድርገውት ነበር። ባለፈው ገና ግን ሁሉም ክፍል ሞላ፤ ሰው መለስኩ። ተበድሬ ስምንት ክፍል ልጨምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለገና ላሊበላ ሰው ያልመለሰ ማን አለ? አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ሊሳለም የሚመጣው ምእመን ለታኅሣሥ 29 ሜዳው ላይ ድንኳን ተክሎም ያድራል። ባንኩ ግን በየወሩ ነው የሚጠይቅህ። የሐምሌና የነሐሴን መዝገብ አውጣ፤ አራቱ ክፍሎች በእነዚያ ወራት ስንት ሌሊት ተያዙ? ግማሹን እንኳ ካልሞሉ ስምንቱ ተጨማሪ ክፍሎች የሚያድርባቸው አቧራ ነው። እኔ ብሆን ያሉትን አራቱን አሳምር ነበር፦ የማይቋረጥ ሙቅ ውሃ፣ ጥሩ ፍራሽ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ የፀሐይ ኃይል። ለገና ደግሞ ግቢው ሰፊ ከሆነ ድንኳን አከራይ። ሲያልፍ ጠቅልለህ ታስቀምጠዋለህ፤ ወለድም አይቆጥርብህም።