ግንቦት፣ ሙሉ ጨረቃና ዲያኒ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የገርጂ ልጅ ነኝ፤ እጮኛዬ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰርጋችንን ኬንያ፣ ዲያኒ ባሕር ዳርቻ ላይ ለማድረግ አስበናል። 60 ሰው ገደማ እንጠራለን፤ ግማሹ ከአዲስ አበባ፣ ግማሹ ከአሜሪካ ይመጣል። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት 2019 ላይ፣ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቅዳሜ ቢሆን ደስ ይለናል። ፀሐይ ባሕሩ ላይ ስትጠልቅ ቀለበት እንለዋወጣለን። ሆቴሉ ቅናሽ አድርጎልን ቀብድ እየጠየቀን ነው። እናቴ ግን «ሰርግ በሰው አገር? ዕድርተኛው ምን ይለኛል?» ብላ አኩርፋለች። እጮኛዬ የእጮኛ ቪዛ አስገብቶልኛል። ምን ይመክሩኛል?
ሙሽሪት፣ ከገርጂ

መልስ፦ ሙሽሪት፣ እንኳን ደስ አለሽ። ቀብዱን ገና ካልከፈልሽ ደግሞ ሁለት ጊዜ እንኳን ደስ አለሽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የታናሽ እህቴን ሰርግ እዚያው ዲያኒ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ወንበሩን አሸዋው ላይ ደረደርን፣ ነጭ ጨርቅ አለበስነው፣ የአበባውን ቅስት ተከልን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልንለብስ ገባን። አስር ተኩል ላይ ሙሽራዋን አጅበን ስንወጣ የፊተኛው ረድፍ ወንበር እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሯል። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጫማውን ብብቱ ስር ወትፎ ይስቃል። የሆቴሏ አስተባባሪ ምንም ሳይመስላት «ዛሬ እኮ ሙሉ ጨረቃ ናት» አለችን። እኛም እኮ ቀኑን የመረጥነው ለጨረቃዋ ነበር! ስልሳ ወንበር ተሸክመን ወደ ሳሩ ወጣን። አጎቴ በሱፍ ልብሱ ሁለት ሁለት እያነሳ ሲሮጥ የሚያሳየው ፎቶ እስካሁን ቤታችን አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱ ይብሳል፤ በኬንያ ጠረፍ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ከ3 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በእነዚያ ቀናት ደግሞ ውሃው የሚሞላው አስር፣ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የሰርግ ሰዓት! አሸዋው ጠብቦ የሆቴሉ ግንብ ስር ይደርሳል። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያው ሰዓት ውሃው ይሸሽና አሸዋው እንደ ሜዳ ይሰፋል። ስለዚህ ከሆቴሉ መጀመሪያ የምትጠይቂው ሜኑ አይደለም፤ የዚያን ቀን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ነው።

አሁን ወደ ግንቦት። ግንቦት ለእኛ የሰርግ ወር ነው፤ ለዲያኒ ደግሞ የለየለት የዝናብ ወር ነው። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ፣ እነሱ «ኩሲ» የሚሉት፣ በዚያ ወቅት ይነሳና የባሕር ሣሩን እየገፋ ዳርቻው ላይ ይቆልለዋል። አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ዘግተው እድሳት ላይ ይሆናሉ። ቅናሹ ከየት እንደመጣ ገባሽ?

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ሁለት ካላንደር ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑንና የባሕሩን። በ2019 ጥምቀት ጥር 11 ነው። ጾመ ነነዌ ሰኞ የካቲት 15 ይገባል። ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይጀምራል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ዲያኒ ደረቅ ነው፤ ነፋሱም ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። በዚህ መሀል ቅዳሜ ሆኖ ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበትን ስፈልግ ሦስት ቀን አገኘሁ፦ ጥር 22፣ የካቲት 6 እና የካቲት 20። የካቲቶቹን አልወደድኳቸውም፤ ከየካቲት 6 በዘጠነኛው ቀን ነነዌ፣ ከየካቲት 20 በዘጠነኛው ቀን ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ለመልሱ ጊዜ ያጥራል። ጥር 22 ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ ሆቴሉም ይወደዳል። ከ60 ሰው 40 አድርጊውና እሱን ያዢ።

ፀሐይዋን በተመለከተ አዝናለሁ። ዲያኒ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ፀሐይ ከባሕሩ ትወጣለች እንጂ ባሕሩ ውስጥ አትገባም። የምትጠልቀው ከሆቴሉ ጀርባ ነው፤ በጥር 12 ሰዓት ከ40 ገደማ። ይሄ መጥፎ አይደለም፤ አስር ተኩል ላይ የኮኮናቱ ዛፍ ጥላ ስለሚወርድ ሜካፕሽ አይፈስም። ያንን ፎቶ የግድ ካልሽ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። በነገራችን ላይ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው። «ሳ ኩሚ» ካሉሽ የእኛው አስር ሰዓት ነው። የአሜሪካዎቹን እንግዶች ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፊላቸው፤ አለበለዚያ ጉድ ይፈላል።

የቪዛው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል፤ ባሕሩ አስቀደመኝ እንጂ። የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ ላልተጋባ ሰው ነው። ከተጋባችሁ መንገዱ ይቀየራል፣ የባለትዳር ማመልከቻ ይሆናል። «ወረቀት ካልፈረምን ሰርግ ብቻ ነው» እንዳትይ። ቬሎ ለብሰሽ በ40 ሰው ፊት የተነሳሽውን ፎቶ ያየ የቆንስላ ሠራተኛ «ይቺ ባለትዳር ናት» ሊል ይችላል። ተክሊልም ያው ጋብቻ ነው። ስለዚህ ለሆቴሉ ከመክፈልሽ በፊት እጮኛሽ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። ሰርጉን ካስቀደማችሁ ሕጋዊውን ፊርማ እዚሁ አዲስ አበባ ጨርሱት፤ ኬንያ ውስጥ መፈረም ማስታወቂያው፣ ያላገባ ማስረጃው ብዙ ያንገላታል። ተክሊል ካሰባችሁም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አሸዋ ላይ አይፈጸምም።

ጉዞው ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ዲያኒን ከዛንዚባር ያስመረጠኝም ይኸው ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙት ቀደም ብለው በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ይሙሉ። የቢጫ ወባ ካርድ ሁሉም ይያዝ፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ነው የሚወሰደው። ወባም ስላለ ሐኪም ይጠየቅ። ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ። ከሞምባሳ ዲያኒ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን መሀል ላይ የሊኮኒ ጀልባ አለ። እኛ ሽማግሌዎች ይዘን በዚያ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰልፈናል። አሁን ጀልባውን የሚያስቀረው የዶንጎ ኩንዱ መንገድ ስላለ ሹፌሩን በዚያ እንዲሄድ ንገሪው።

ለእንግዶችሽ ደግሞ ፌስታል እንዳይዙ ንገሪ። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ክልክል ነው። አክስቴ ድፎ ዳቦውን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ መጥታ ኤርፖርት ላይ በነጠላዋ አቅፋው ወጣች። ድሮን የሚያስነሳ ካሜራማን ካለሽም ያለ ፈቃድ እንዳያስገባ። ዝንጀሮና ጦጣው ኬክ ያውቃል፤ ጠረጴዛው ያለ ጠባቂ አይቀመጥ። እንጀራ ከፈለግሽ ናይሮቢ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል፣ በባቡር ሞምባሳ ይደርሳል።

እናትሽስ? እውነታቸውን ነው። ዕድርተኛው ሲያጣ ሲያገኝ አብሯቸው የኖረ ሰው ነው፤ በዋትስአፕ ፎቶ አይሸኝም። ግን መልስ እኮ የእሳቸው ነው። ስትመለሱ ገርጂ ድንኳን ይጣል፣ ዶሮው ይሠራ፣ ጠላው ይጠመቅ። ካባውንም ለዚያ ቀን አቆዩት፤ በዲያኒ ሙቀት ካባ የለበሰ ሙሽራ አይቼ አዝኛለሁ። ይህን ራስሽ አትንገሪያቸው። ታላቅ ወንድማቸውን ወይም የሚያፍሩትን ሰው ላኪ፣ «መልሱን እርስዎ እንዴት ይፈልጉታል?» ብሎ ይጀምር።

የእኔም እናት «አልሄድም» ብላ ነበር። በሰርጉ ማግስት ጠዋት ፈልጌ ሳጣት የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ባሕሩ ውስጥ ቆማለች። አንድ ሃይላንድ ሙሉ የባሕር ውሃ ቀድታ ለጉልበቷ ይዛ ልትመጣ ነበር። የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ስለከተተችው ሞምባሳ ፍተሻ ላይ ያዙባት። «እዚያ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ይቺን ከለከላችሁኝ?» ብላ በአማርኛ ተቆጣቻቸው።