መልስ፦ ከሕፃናት ጋር ላንጋኖ ወይስ ሀዋሳ?

እህቴ፣ የ3 እና የ5 ዓመት ልጆችሽንና የጓደኛሽን ቤተሰብ ይዛችሁ ከካዛንቺስ ለሁለት ሌሊት ላንጋኖ ይሻላል ወይስ ሀዋሳ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ላንጋኖ እላለሁ።

የሀዋሳ ዓሣ ይናፍቃል፤ አልክድም። ግን 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ላንጋኖ ወደ 200። «ደረስን ወይ?» እያለ ለሚነዘንዝ ልጅ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዋናው ግን ውኃው ነው። ላንጋኖ ሐይቅ ከቢልሃርዝያ (ውኃ ውስጥ በቆዳ ከሚገባ ጥገኛ ትል በሽታ) ነፃ በመባል ይታወቃል። ቀለሙ ቡኒ ስለሆነ አትደንግጪ። የእኔዋ ትንሿ መጀመሪያ ስታየው «ማሚ፣ ሻይ በወተት!» ብላ አልገባም አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማውጣት አቃተን። ብቻ ነጭ ልብስ እንዳታለብሻቸው፤ የእኛው ላይ ቡኒው እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ቡኒ ውኃ አንድ ክፉ ነገር አለው። ልጅ ጠለቅ ካለ አይታይም። እኛ አራት ትልልቅ ሰዎች ዳር ተቀምጠን፣ ሁሉም «እነሱ እያዩ ነው» ብሎ ወሬውን ይዟል። ለካ ማንም አያይም! ልጄ እስከ ደረቷ ገብታ ነው ያየኋት። ከዚያ ወዲያ በየ30 ደቂቃው ተራ ገባን። ተረኛ ስልክ አይነካም፣ ቢራም አይቀምስም። ከጓደኛሽ ጋር ይህን ሳትነሱ ተነጋገሩ፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ያስቀይማል።

ከሰዓት ንፋስ ስለሚነሳ ጠዋት ይዋኙ። የወባ አገር ነውና አጎበር ያዙ። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ውጡ፤ አርብ ማታ በመስቀል አደባባይ መውጣት አይሞከርም። ስትመለሱ መቂ ላይ ቲማቲም ግዙ።