«እንደራሴ» ለምትባሉ ልጆቼ

ባለፈው ሳምንት ከናንተ አንዱ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር አግኝቶኝ «ጋሼ፣ የተመረጠ ሰው ማንን ይስማ? ኅሊናውን ወይስ የመረጠውን ሕዝብ?» አለኝ። ቆሜ የምመልሰው ጥያቄ ስላልሆነ እጽፍላችኋለሁ።

ጡረታ የወጣሁ መሬት ቀያሽ ነኝ። ከ1998ቱ ጎርፍ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የሰፈሬ ሰዎች ለቀበሌ ምክር ቤት መረጡኝ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ደቻቱ ወንዝ ዳር ሱቅ መሥራት ይፈቀድልን የሚል ነበር። ደቻቱን ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ውኃው ግን የሚወርደው ከሐረርጌ ደጋ ስለሆነ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊሞላ ይችላል። ይህን በሙያዬ አውቃለሁ። ድምፅ ሲሰጥ ግን እጄን ከጎረቤቶቼ ጋር አወጣሁ። «የላኩኝ እነሱ ናቸው» አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር፣ ለቅሶና ሠርግ ላይ ፊት እንዳይነሱኝ ፈርቼ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ደቻቱ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከመረጡኝ እናቶች አንዷ ሱቋ የነበረበትን ደለል እያየች «አንተ ታውቅ አልነበር?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀድሞ ሰዎች የሕዝብን ተወካይ «እንደራሴ» ይሉት ነበር። ያቺ እናት እንደ ራሴ ሁንልኝ ብላ ልካኛለች። የማውቀውን ብታውቅ ኖሮ እዚያ ሱቅ ትሠራ ነበር?

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባልን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ያደርገዋል። ፓርቲ ከሦስቱ ውስጥ የለም፤ ስንት እጅ በፓርቲ ትእዛዝ ሲወጣ እንዳየሁ ግን አትጠይቁኝ። እዚያው አንቀጽ ላይ መራጩ አመኔታ ሲያጣበት ተወካዩን ማውረድ እንደሚችልም ተጽፏል። ኤድመንድ በርክ የሚባል የእንግሊዝ ፓርላማ አባል በ1774 እ.ኤ.አ. የብሪስቶል ሰዎች እንደመረጡት፣ ትጋቴን ብቻ ሳይሆን የራሴን ፍርድም እሰጣችኋለሁ ብሎ ነገራቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ ያን መቀመጫ አጣ። እኔ የማደንቀው ፊት ለፊት መናገሩን ነው።

የመብራት ምሰሶ የት ይተከል ሲባል መራጩን ስሙ፤ በጨለማ የሚሄደው እሱ ነው። እናንተ የምታውቁት እሱ ያልሰማው ነገር ሲኖር ግን ኅሊናችሁን ስሙ፣ እጃችሁን ከማውጣታችሁም በፊት ሄዳችሁ ንገሩት። እኔ ካርታውን ይዤ ሰፈር መሄድ እችል ነበር። ካርታው እስከ ዛሬ ቤቴ አለ፤ የውኃውን መስመር በቀይ እርሳስ ያሰመርኩት ራሴ ነኝ።