ኖዱ «ሬዲ» እያለ ቨርቹዋል ማሽኑ ለምን አይነሳም?

የኩበርኔቲስ ክላስተርህ ኖዶች (አንድ ላይ የተገናኙት ኮምፒውተሮች) ሁሉም «ሬዲ» እያሉ፣ በላያቸው ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳው ኩብቨርት «ኬቪኤም (የሊኑክስ ቨርቹዋላይዜሽን) አይበቃም» ካለህ ችግሩ ራም አይደለም። «ሬዲ» ማለት ኖዱ ኮንቴይነር (ከሚያስፈልገው ጋር የታሸገ ፕሮግራም) ያስኬዳል ማለት ብቻ ነው። ለቨርቹዋል ማሽን ሲፒዩው ራሱ መፍቀድ አለበት።

እያንዳንዱ ኖድ ላይ ገብተህ፦

1. የሊኑክሱን የሲፒዩ መረጃ ፋይል (ፕሮክ ማውጫ ውስጥ ያለውን «ሲፒዩኢንፎ») እይ። ኢንቴል ከሆነ «ቪኤምኤክስ»፣ ኤኤምዲ ከሆነ «ኤስቪኤም» የሚል ቃል ፈልግ። ከሌለ ወይ ሲፒዩው አይችልም፣ ወይ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ቅንብር) ላይ ተዘግቷል።

2. ቃሉ ኖሮም ዴቭ ማውጫ ውስጥ «ኬቪኤም» የሚባል ፋይል ከሌለ ባዮስ ገብተህ ቨርቹዋላይዜሽኑን አብራ። በርቶም ካልታየ የኬቪኤም ሞጁሉ አልተጫነም።

3. «ቨርት-ሆስት-ቫሊዴት» የሚለውን ትእዛዝ አስኪድ። «ፌይል» ያለውን መስመር አስተካክል። አይኦኤምኤምዩ (ካርድን በቀጥታ ለቨርቹዋል ማሽን ለመስጠት የሚያስፈልገው ክፍል) ላይ «ዋርን» ካለ፣ የግራፊክስ ካርድ በቀጥታ ለማሽኑ የምትሰጥ ካልሆንክ እለፈው።

ኢሙሌሽን (ሲፒዩውን በሶፍትዌር ማስመሰል) አብራና ተገላገል የሚልህ አይጠፋም። ይሠራል፣ ግን ሲንቀረፈፍ ታየዋለህ።

አንድ ነገር ልብ በል። ለገጣፎ ቤቴ ያገለገሉ ዴስክቶፖችን አገናኝቼ ነው የምሠራው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አንዱ ኖድ ቨርቹዋል ማሽን አልቀበልም ይለኝ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ኩብቨርትን ሳፈርስ ስገነባ ዋልኩ። ለካ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች! መብራት ሲጠፋ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለስና ቨርቹዋላይዜሽኑን ይዘጋዋል። ያንተም ማሽን ሲነሳ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ሌላ ነገር ከመነካካትህ በፊት ሲአር2032 ባትሪ ገዝተህ ቀይር፣ ከዚያ ባዮስ ገብተህ ቨርቹዋላይዜሽኑን መልሰህ አብራ።